ውሃ የጠጣው ወርች

በነሐሴ ወር በአሜሪካ ደቡብ ባለችው በሳይፕረስ ግሮቭ አየሩ ራሱ እንቅልፍ የተጫነው ይመስላል። የትምባሆው ቅጠል ከጠርዙ ቢጫ እየሆነ ያንቀላፋል፤ ውሻ እንኳ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ሲሄድ ሰውነቱን እንደ ሰው ዕቃ እየጎተተ ነው። ቨርዴል አርቲስ በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የከተማውን ትልቅ ሱፐርማርኬት በር አልፋ ስትገባ፣ ነቅታ ይሁን ገና እያለመች በቅጡ አልለየላትም ነበር። ቅዝቃዜው ፊቷን ሲነካት ወንዝ ውስጥ የገባች መሰላት። ሰው ሁሉ በመደርደሪያው መካከል ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ዓሣ ወዲያ ወዲህ ይላል።

የአሳማ ሥጋው ከተደረደረበት ረጅም ማቀዝቀዣ ፊት ቆመች። ቆማም ቀረች።

«ቨርዴል፣ ቆመሽ ተኛሽ እንዴ?» አለቻት ሉቬኒያ። ሉቬኒያ ጎረቤቷ ናት፤ በመዘምራኑ መካከልም አጠገቧ የምትቆም፣ ድምፅዋ ሁልጊዜ ከዜማው ትንሽ የሚቀድም ሴት።

«እያየሁ ነው።»

«ሥጋ እንደ ባል አይመረጥም እኮ። አንዱን አንሺና እንሂድ፣ እግሬን በረደኝ።»

«አንቺ ባልስ ቢሆን መች አይተሽ ወሰድሽ?»

ሉቬኒያ ሳቋን ለቀቀችው። ቨርዴል ግን ዓይኗን ከማቀዝቀዣው አላነሣችም፤ የምትገዛው ሥጋ ለወንድሟ ነበርና።

ወንድሟ ኦታ በሳይፕረስ ግሮቭ ቤተ ክርስቲያን የመመለሻ እሑድ፣ ማለትም የተበተነው የሰፈር ልጅ ሁሉ ከየከተማው በዓመት አንዴ ወደ አጥቢያው በሚሰበሰብበት ቀን፣ ሥጋውን በፍምና በጭስ የሚያበስል ሰው ነበር። ሰው ስብከቱን ይረሳል፤ የኦታን ሥጋ ግን ለከርሞ ያወራዋል። በዚህ ዓመት ግን ፀደይ ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ አንደበቱንም ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ከተማ ባለው የማገገሚያ ቤት ተኝቷል። መዋጥ ይችላል፤ ሐኪሞቹ ደጋግመው አይተውታል። የሚሉትንም ይሰማል። ግን አይበላም። ማንኪያ ሲቀርብለት ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምነው ብታባብለው፣ ከመስኮቱ ወዲያ ወዳለ ወደ ሌላ አገር ሄዷል።

ሐሙስ ዕለት ታሚካ የምትባለዋ ነርስ ቨርዴልን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ፣ «ሚስ ቨርዴል፣» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በዚህ ከቀጠለ ሰኞ ሐኪሙ በሆዱ ቱቦ ስለማስገባት ሊያነጋግርዎት ነው። እኔ እንኳ ቱቦውን አልፈራውም። የምፈራው፣ አንዴ ከገባለት ጭራሽ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት እንዳያጣ ነው።»

ቨርዴል በዚያ ኮሪደር ቆማ አንድ ነገር ብቻ አሰበች። ኦታ በሕይወቱ እምቢ ብሎት የማያውቀው ምግብ አንድ ነው፤ እሱም የራሱ ነው። እሑድ ዕለት ለጥቂት ሰዓት ሊያወጡት ፈቅደዋል። እሑድ ያንን ሥጋ አፉ ውስጥ ታደርግለታለች።

ችግሩ፣ ምድጃውን እሷ አንድም ቀን ለኩሳው አታውቅም። በሳይፕረስ ግሮቭ ፍሙ የወንዶች ነው፤ ኬኩ፣ የጎመን ሰላጣው፣ የበቆሎ ዳቦው የሴቶች። ቢሆንም ከልጅነቷ ጀምራ የወንድሟን እጅ ስታይ ኖራለች። ያየሁትን እሠራለሁ አለች።

አንድ ያላየችው ነገር ነበር። ኦታ ሥጋ ሲገዛ አይታ አታውቅም። በእሱ ዘመን ሥጋው ከአሮጌው ራውንትሪ ቄራ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ነገር አይጻፍም፤ ሥጋውም ሥጋ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቄራው ባለቤቱ ሲሞት ተዘጋ። ስለዚህ አሁን እዚህ፣ በዚህ ብርድ ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት ወርች ፊት ለፊት ተቀምጦላት ታያለች።

በአንደኛው ጥግ ያሉት ደብዘዝ ያሉ፣ ደረቅ ያሉ፣ ሲያዩዋቸው ኮስታራ የሚመስሉ ናቸው። በሌላው ጥግ ያሉት ግን ድንቡሽቡሽ ብለው፣ እያብለጨለጩ፣ ፕላስቲካቸው ውስጥ ጤዛ የወረደባቸው መስለው ተኝተዋል። ቨርዴል እጇን በእነዚህ ላይ አደረገች። አንደኛው ከጣቷ ሥር እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስለስ አለላት።

«እነዚህ የጠገቡ ናቸው፣» አለች። «ኦታ የከሳ ሥጋ አይወድም፣ የጠገበ ነው የሚወደው።»

«እኔን አትጠይቂኝ፤ እኔ የማውቀው የበሰለውን ነው፣» አለች ሉቬኒያ።

ሁለት ወርች ይዘው ወጡ።

ማታ ቨርዴል በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ሥጋውን ገልጣ፣ ኦታ እንደሚያደርገው አደረገች። ኦታ ከመጥበሱ በፊት ባለው ምሽት ሻካራውን ጨው በእፍኙ እያነሣ፣ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ዘር እንደሚዘራ ሰው ይነሰንሰዋል፤ ከዚያ በመዳፉ እያሸ ያስገባዋል። አይለካም። «ሥጋው ራሱ በቃኝ ይላል» ይል ነበር። ቨርዴልም ነሰነሰች፣ አሸች፣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች። ሥጋው በቃኝ አላለም። ጨው ጨመረችለትና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታ ተኛች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከጓሮው የፒካን ዛፍ ሥር ያለውን ምድጃ ከፈተችው። ምድጃ ማለት በብሎኬት የታጠረ ጉድጓድ፣ በላዩ የብረት ፍርግርግ፣ በፍርግርጉ ላይ ደግሞ ክዳን የሚሆን አሮጌ ቆርቆሮ ነው። የኦክና የሂከሪ እንጨቱን በጎኑ ባለው በርሜል ውስጥ አነደደች። ፍሙ ወደ ታች ሲወርድ በአካፋ እየዛቀች ከሥጋው ሥር በተነችው፣ እንደ እሱ፣ በማዕዘኖቹ በዛ፣ በመሃል ሳሳ አድርጋ። ጭሱ ተነሣ። ቆርቆሮውን እየላሰ ወጣና በፒካኑ ቅርንጫፎች መካከል ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ ሰተት ብሎ ገባ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሕልም የመሰለ ነበር። ከዚያ ሥጋው ማልቀስ ጀመረ።

ስብ ሲንጠባጠብ ቨርዴል ታውቃለች። ስብ ፍም ላይ ሲወድቅ ቸስ ይልና ጣፋጭ ጭስ ይሰጣል። ይሄ ግን ውሃ ነው። ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ጩስ ይላል፣ ፍሙን ያጠፋዋል። አንድ አካፋ ፍም ጨመረች፤ ያም ጠፋ። ጭሱ ነጭ፣ እርጥብ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት የሚመስል ሆነ።

እኩለ ቀን ላይ ዲያቆን ሆዜያ ስፔይት የገለባ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ በአጥሩ በኩል መጣ። ሆዜያና ኦታ ከጉርምስና ጀምሮ የማይለያዩ፣ በአንድም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ጓደኛሞች ናቸው። የኦታን ሥጋ በየዓመቱ ሁለት ሳህን ይበላል፤ በየዓመቱም እንከን ያወጣለታል።

«ጭሱን ከመንገድ ሆኜ አየሁት፣ እህት ቨርዴል። ልብስ እየቀቀልሽ መስሎኝ ነበር።»

«ዲያቆን፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ሂድ። ቆመህ አታጥላብኝ።»

«ለእሳቱ ጥላ ምን ያደርገዋል፣ ጠፍቷል እኮ።» ቆርቆሮውን በጨርቅ ይዞ ቀና አደረገው። ጎንበስ ብሎ አየ።  «ይሄ ሥጋ ያለቅሳል።»

«አንተን አይቶ ነው።»

ከጠርዙ በስሎ የደረቀውን ቁራጭ በጣቱ ነጭቶ አኘከ። አኘከ፣ አኘከ። «ገና መች ደረሰ?» አለ በመጨረሻ።

«የምን ገና?»

«ይሄ እኮ ሃም ነው። ለገና ጠረጴዛ መሃል የሚቀመጠው ሮዝ የጭን ሥጋ። ነይ ቅመሺው። ጥርስ ላይ ይነጥራል። ጨው ነው፣ ጨው ብቻ።» ጣቱን በሱሪው ጠረገ። «በመርፌ ወግተውታል፣ ቨርዴል። ከፋብሪካው ሳይወጣ የጨው ውሃ አጠጥተውት ነው የመጣው። ድስት ውስጥ ለሚከተው ሰው አይከፋም፣ እንዳይደርቅ ያግዘዋል። ለጭስ ግን አይሆንም። ውሃው ፍሙን ይገድላል፣ ጨውም ሥጋውን አስቀድሞ ሃም አድርጎታል። አንቺ ደግሞ በላዩ የኦታን እፍኝ ጫንሽበት።»

«አንተ የኦታን ሥጋ እንከን ሳታወጣ በልተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው የዛሬውንም እንከን ተናግረሃል። ሂድ አሁን።»

«ፕላስቲኩን አንብቢው፣» አለና በመጣበት ሄደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ለእሱ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ» አለ፣ ያለ ቀልድ። ይሄኛው ከበፊቱ ሁሉ ይልቅ አናደዳት።

ፕላስቲኩን ከቆሻሻው ቅርጫት አውጥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። ከደማቁ ሥዕል በታች፣ ለጉንዳን ዓይን የተጻፈ የሚመስል መስመር አለ፤ እስከ አሥራ ሁለት በመቶ የሚደርስ ፈሳሽ ተጨምሮበታል፣ ውሃ፣ ጨው፣ ፎስፌት። አነበበችና መልሳ ጣለችው። የሆዜያ ምላስ ከጥንት ጀምሮ ጨው ይበዛባታል አለች በልቧ። ሥጋው ገና እኮ ነው፣ እስኪበስል ይስተካከላል አለች። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ራሱን ያባብላል፤ እኔም አልፈርድባትም።

አካፋውን ዛፉ ላይ አስደግፋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሙቀቱ ከላይ፣ እንፋሎቱ ከጎን። ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት አንድ ረጅም ድምፅ ይጎትታሉ። ዓይኗ ተከደነ።

ሕልሙ በር አልነበረውም፤ እንዲሁ ገባችበት። የአባታቸው የትምባሆ ማድረቂያ ጎጆ ነው። ቅጠሉ ከጣሪያው እስከ ወለሉ በረድፍ ተንጠልጥሏል፣ ሽታው ማር ማር ይላል። ልጆች ሳሉ እሳቱን ሲጠብቁ እንደሚያድሩት ሁሉ ኦታ ከእሳቱ ፊት ተቀምጧል፤ ልጅ ነው፤ የአባታቸው ኮፍያ እስከ አፍንጫው ወርዶበታል።

«ቨርዴል፣ እርቦኛል፣» አላት። ድምፁ ያው የጥንቱ ነው፣ ትንሽ ጎርነን ያለ።

«ምን ልስጥህ?»

«ያለሽን።»

እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ሰደደች። ዳቦ አወጣች፤ ዳቦው መዳፏ ላይ ውሃ ሆነ። ኮክ አወጣች፤ ውሃ ሆነ። የጎድን ሥጋ አወጣች፤ በጣቶቿ መካከል ፈስሶ መሬት ገባ። ኦታ ከኮፍያው ሥር ይስቃል። «እጅሽ ያፈሳል እንዴ?» ይላታል። ከጎጆው ውጭ ጭሱ እንደ ከብት መንጋ፣ ቀስ እያለ፣ ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል፤ ኦታም ተነሥቶ ተከተለው። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ስሙም ውሃ ሆነባት።

ስትነቃ ፀሐይዋ አዘንብላ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ነበር። ተነሥታ እስከ አመሻሹ ድረስ ከዚያ ሥጋ ጋር ታገለች። በመጨረሻ እንደምንም በሰለ። አውርዳ በመክተፊያው አደቀቀችው፣ አቼቶና የደቀቀ ቀይ ቃሪያ አደረገችበት፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምራ በጨርቅ ሸፈነችው። አልቀመሰችም። ሆዜያ ልክ እንዳይሆን ፈርታ አልቀመሰችም።

«እሑድ አይደለም እንዴ የምትሰጪው?» አለች ሉቬኒያ ወደ ማገገሚያ ቤቱ ሊሄዱ መኪናዋን እያስነሣች።

«እሑድ በሕዝብ ፊት ፊቱን ወደ መስኮት ቢያዞርብኝስ?»

«እዚያማ መስኮት የለም፣ ሜዳ ነው።»

«ንጂ ዝም ብለሽ።»

ኦታ በትራሱ ተደግፎ ተቀምጧል። ጉንጩ ገብቷል፤ ያ አካፋ እንደ ማንኪያ ሲያነሣ የኖረ እጁ በአንሶላው ላይ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎ ተቀምጧል። ቨርዴል ግንባሩን ሳመችው። ጨርቁን ገለጠች። የጭሱ ሽታ በዚያ የመድኃኒት ሽታ መካከል ሲነሣ የኦታ አፍንጫ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ፊቱን አላዞረም።

«የምድጃህ ነው፣ ወንድሜ። ለነገ ነው። ዛሬ ግን አንተ ቅመስልኝ።»

ማንኪያውን አቀረበች። ከንፈሩ ተከፈተ። ሉቬኒያ ከበሩ ጋ ትንፋሿን ያዘች። ኦታ አኘከ። አንዴ አኘከ፣ ሁለቴ አኘከ፣ ከዚያ ቆመ። ቅንድቡ ወረደ። ዓይኑ ከዚያ ከመስኮቱ ወዲያ ካለው አገር ተመለሰ፤ ስትመለከተው ሙሉ ለሙሉ መጥቶ፣ እዚህ አልጋው ላይ፣ በቁጣ ተሞልቶ ያያታል። ከዚያ ፊቱን አጨማዶ ሥጋውን እስከ አልጋው እግር ድረስ ተፋው።

ቀጥሎም ተናገረ።

ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። እናታቸው ብትሰማው ኖሮ በስድሳ ዓመቱም ቢሆን አፉን በሳሙና ታጥበው ነበር። አንዲት አጭር ስድብ ናት፤ ግን ከፀደይ ወዲህ ከአፉ የወጣች የመጀመሪያዋ ቃል ናት፣ ጥርት ብላ፣ ኮሪደሩን ሞልታ ነበር የወጣችው።

«ጌታ ሆይ!» አለች ሉቬኒያ።

ታሚካ እየሮጠች መጣች። «ማነው? ማነው የተሳደበው?»

«እሱ ነው፣» አለች ቨርዴል። እየሳቀች ነው፣ እንባዋም እየወረደ ነው፣ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም። «ወንድሜ ሰደበኝ።»

«አቶ ኦታ፣ እንዴ!» ታሚካ አፏን በእጇ ያዘች። «እስቲ ይድገሙት!»

አልደገመውም። ይልቅ በደህናው በግራ እጁ የቨርዴልን እጅ ያዘ፤ መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠው። ከአውራ ጣቷ ሥር ያለውን ሥጋ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፣ አጥብቆ፣ እስኪያማት ድረስ። ለቀቀው። ሥጋው ወደ ቦታው ሲመለስ እያየ፣ አየሽ በሚል ዓይን ቀና አለ። ከዚያ ወደ ጎድጓዳው ሳህን ጠቁሞ፣ ሥጋውን ጫን አድርጎ፣ ጣቱን በአየር ላይ አራገፈ፤ ውሃ እንደሚያራግፍ። እንደገና መዳፏን ጫነ። እንደገና አያት።

ቨርዴል ገባት። የራውንትሪ ሥጋ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ ወንድሟ ሁልጊዜ ይሄን ያደርግ ነበር፤ ወረቀቱን ገልጦ በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ጫን ያደርገዋል። ስታየው ሥጋውን የሚያሻሽ ይመስላት ነበር። ለካ እየጠየቀው ኖሯል።

«ውሃ ጠጥቷል፣» አለችው። ኦታ ዓይኑን ከደነ፣ ከፈተ። «አየሁትና ያማረውን መረጥኩ። ነገ የማያለቅሰውን አመጣልሃለሁ። ግን ትበላለህ? ተስፋ አታስቆርጠኝ፣ ኦታ፣ ትበላለህ?»

 ኦታ ፊቱን ወደ መስኮቱ አላዞረም።

ሱፐርማርኬቱ ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ሥጋ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሽርጡን ሊፈታ ነበር።

«ያልተወጋ እፈልጋለሁ፣» አለችው ቨርዴል። «ምንም ያልተጨመረበት። የሥጋ ሥጋ።»

«እመቤቴ፣ እዚያ ጥግ ያሉት ናቸው። ማንም አያነሣቸውም እንጂ። ያን ያህል አያምሩማ።»

«እኔም አላነሣኋቸውም። ወንድሜ ሰድቦኝ ነው የመጣሁ።»

ሰውዬው ሳቀ። ያንን ኮስታራ፣ ደብዛዛ ወርች አወጣላት። ቨርዴል በፕላስቲኩ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ጫን። ሥጋው ጠንከር ብሎ ተቀበላት፣ ቀስ ብሎም ተመለሰ፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ጠብታ የለም። ሌላውን ጫነች። ሉቬኒያ እንኳ መጥታ ጣቷን ጫን አደረገች። «የባሌን ሆድ እንዲህ ጫን ጫን አድርጌ ባየው ኖሮ» አለች፣ ሰውዬውም ሲስቅ እንዳያዩት ፊቱን አዞረ። ሙሉው ወርች እስከ እሑድ ምሳ በስሎ አይደርስምና ቨርዴል እያንዳንዱን ለሁለት አስቆረጠችው።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ፍሙን በተነች። ጨው በመጠኑ ነው፤ ከማንደዷ በፊት ነስንሳ፣ መዳፏን አራግፋ ጨረሰች። ሥጋው ከእሳቱ በላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ አንዲት የስብ ጠብታ ወረደች፣ ፍሙ ላይ ቸስ አለች፣ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ሆና ተነሣች። ቨርዴል ያንን ጭስ እያየች ረጅም ጊዜ ቆመች። ሆዜያ ሳይጠራ መጣ፤ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ ከራሱ ምድጃ በባልዲ ፍም ይዞላት።

«ጥሩ እንጨት እንደሌለሽ ስለማውቅ ነው፣» አለ።

«አመሰግናለሁ አልልህም።»

«ካልሽማ ታምሜያለሁ ብዬ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቨርዴል በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመመለሻው እሑድ ጸሎት ቀረች። በሜዳው ማዶ መዝሙሩ ሲጀመር ሰማችው፤ የሉቬኒያ ድምፅ ከሁሉ ትንሽ ቀድሞ ይመጣል፣ የሌላው ይከተላል። ዜማው በስኳር ድንቹ ማሳ ላይ እየተንሳፈፈ ከጭሱ ጋር ይገናኛል፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታታል። አካፋውን ይዛ በዝግታ በምድጃው ዙሪያ ትዞራለች። ማን እንደሚዘምር፣ ማን እንደሚጤስ፣ ማን እንደሚጠበቅ የጠፋባት ሰዓት ነበረ። ያ ሰዓት ረጅም ነበር፤ ቢያልቅባት የሚያስቆጫት ዓይነት።

ከቀትር በኋላ ሥጋው በሹካ ሲነካ ከአጥንቱ ለቀቀ። ከተፈችው። አሁን ቀመሰች። ጭሱ ፊት መጣ፣ ሥጋው ቀጥሎ፣ ጨው ከኋላ በእግሩ ጣት ቆሞ።  ሽርጧን ፈታ ሳህኑን ይዛ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በኦክ ዛፎቹ ጥላ ረጅሙ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከባልቲሞር የመጣ፣ ከፊላደልፊያ የመጣ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ማራገቢያውን እያወዛወዘ ይጠብቃል። ኦታን በማገገሚያ ቤቱ መኪና አምጥተው በተሽከርካሪ ወንበሩ ከጠረጴዛው ጫፍ አስቀምጠውታል፤ ነጭ ሸሚዝ አልብሰውታል፣ አንገቱ በዚያ ሸሚዝ ውስጥ ጠፍቷል። ታሚካ በዕረፍት ቀኗ አብራው መጥታለች። ሰዎች እየመጡ እጁን ይጨብጣሉ፤ እሱ በመካከላቸው አሻግሮ ያያል፣ ሩቅ፣ ወደ ሜዳው።

ቨርዴል ሳህኑን በፊቱ አስቀመጠች። የራሷንም ሳህን በጉልበቷ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ጫጫታው ዝቅ አለ። ሁሉም ሌላ ነገር የሚያይ መስሎ እሱን ያያል። 

ማንኪያውን ሞልታ ወደ አፉ ወሰደች። ኦታ አላየውም። ሳህኑን ነው የሚያየው። ግራ እጁ ከጭኑ ተነሥታ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ዕውር እየዳበሰች፣ ሹካ አገኘች። የቨርዴልን ማንኪያ በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። ሹካው ሥጋው ላይ ሲወርድ ተንቀጠቀጠ፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ አፉ ደረሰ።

አኘከ። ቨርዴል ቅንድቡን ትጠብቃለች። ቅንድቡ አልወረደም። ዓይኑን ከደነ። ረጅም ጊዜ፣ ከአንድ መዝሙር የሚረዝም በሚመስል ጊዜ፣ አኘከ። ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ።

«ምንም አይልም?» አለ ሆዜያ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ እየበላ ነው፣» አለችው ታሚካ፤ በዕድሜ አባቷ የሚሆነውን ዲያቆን መቆጣቷን ያስተዋለ ሰው ግን አልነበረም።

ሹካው ወረደ፣ ተነሣ። ወረደ፣ ተነሣ። በዚያ ዝግታ የሰፈሩ ጫጫታ ተመለሰ፤ ሰው ሳህኑን አነሣ፣ ሕፃናት መሯሯጥ ጀመሩ፣ ሉቬኒያ ስለ ድንቹ ሰላጣ ከአንዱ ጋር ተጣላች። ቨርዴል ግን አልተንቀሳቀሰችም። የምትሰማው የሹካውን ድምፅ ብቻ ነው።

የኦታ ሳህን ነጣ። ሹካው ባዶውን ሳህን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ሹካው ተነሣ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን አቅጣጫውን እያወቀ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ አልፎ ቨርዴል ጉልበቷ ላይ ወደያዘችው፣ ገና ወዳልነካችው ሳህን ዘለቀ።

ቨርዴል ሳህኑን ቀረብ አደረገችለት።